መኪናው አልተገለበጠም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ትከሻሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ስንደዋወል «ትንሽ ይወጋኛል» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ተሸከምሽው? ከልብስ ማጠቢያው እንፋሎት የሚነሳብሽ ሳልስ? እንቅልፍሽስ? የምግብ ፍላጎትሽስ? እዚያ ብርዱ ይበረታል ይላሉና ደርበሽ እንደምትተኚ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ በጤና አለን። የእማዬ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል እንጂ እሷ ራሷ ከድሮው አልቀነሰችም፤ አሁንም ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ካየች መጥረጊያ ታስጨብጣለች። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። አልታመምኩም፣ አትደንግጪ። አንድ ቦታ መቀመጥ ነው ያቃተኝ። ይህችን አንድ አንቀጽ እንኳ ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በመስኮት አይቼ ተመልሻለሁ፤ መስኮቱ ደግሞ የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳ ብቻ ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። እኔና አንቺ በሳምንት አንዴ ተደዋውለን «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን የምንዘጋ ሰዎች ነን። የዛሬው ነገር ግን በስልክ የሚሆን አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ስለዚያ ቀን ላነሳብሽ ስል ድምፅሽ ጠፋ፣ በማግስቱ «መስመሩ ተቆረጠ» አልሽኝ። መስመሩ እንዳልተቆረጠ ሁለታችንም እናውቃለን። ደብዳቤ ቢያንስ መሃል ላይ አይቆረጥም፤ ብትቀጂው እንኳ ብጥስጣሹን ገጥሞ ማንበብ ይቻላል። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢልኝ።

ሳላስረዝም ልንገርሽ። የሠርግሽን ቀን ትያትር አደረግሁት። ሳላስፈቅድሽ።

አሁን ወረቀቱን እንዳስቀመጥሽው ይታየኛል። ስታነሺው እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ።

እንደምታውቂው ቀን ቀን የፎቶ ኮፒ ማሽን እየዞርኩ እጠግናለሁ። ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ የሚበላው ትያትር ነው። ትያትር ቤት ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ካናቴራ ላይ ጽሑፍ ከሚያትም ሱቅ በላይ ያለ ባዶ አዳራሽ ነው፤ የማተሚያው ማሽን ዱብ ዱብ ሲል ወለሉ ስለሚርድ የሚያሳዝነውን ክፍል የምንለማመደው ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ጠብቀን ነው። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነናል። መብራቶቹን እኔ ነኝ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አምፖል እየገጠምኩ የሠራኋቸው። ቋሚዎቹ ሦስት ነን። አንዷ ተዋናይቷ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ ሁላችንም «ስንጥር» እንላታለን፤ ቀን መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሸጣለች። አንዱ «ሊቁ» ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል የወጣለት ስም ነው፤ እንጀራው የሰው ሠርግ ቪዲዮ እየቀረጸ መቁረጥና መቀጠል ነው። ሦስተኛው እኔ፤ እጽፋለሁ፣ መብራት አበራለሁ፣ አጠፋለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለባዶ ወንበር ሠራን ብል አላጋነንኩም። አንድ ቅዳሜ አራት ሰው መጣ፤ ከአራቱ አንዱ ከዝናብ ሊጠለል የገባ ነበር፤ ሲያባራ ሦስት ቀሩ። ሊቁ ሁልጊዜ የሚለው ነገር ነበረው፤ ሰው ሁሉ ትያትሩን በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ደረጃ ወጥቶ እንጨት ላይ የሚቀመጠው ለምንድነው ይለናል። ስንጥር ደግሞ እዚህ ብቻ የሚገኝ ነገር ብንሰጠው ይመጣል ባይ ናት። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞራ፣ የምትፈራውን ነገር ጽፈህ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። ቤት ገብቼ ጻፍኩት። በዘጠኝ ቀን አለቀ፤ ስምንት ዓመት ተጽፎ የቆየ ነገር ይመስል ነበር።

አንቺ የኖርሽውን መልሶ ለምን ይነግረኛል እንዳትይ፤ መድረክ ላይ ያወጣሁት የትኛውን እንደሆነ እንድታውቂ ነው። ተመልካቹ ሲገባ ክብ ሠርተው በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳ እሱ ነው፤ ሠርገኛ ነው። ሙሽራዋ መሃል ላይ ናት። ሙሽራው ይጠበቃል። እሷ ከእንግዶቹ ጋር ትጫወታለች፣ ትቀልዳለች፣ ልጆቻቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ትጠይቃለች። ሰው ይስቃል። ቀስ እያለ ሳቁ ይሳሳል። ሙሽራው አይመጣም። በመጨረሻ አንቺ ያደረግሽውን ታደርጋለች፤ ከነቀሚሷ ተነስታ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው እየሄደች «ይነሱልኝ፤ የኪራይ ወንበር ነው፤ ሰዎቹ ሊወስዱት ይመጣሉ፣ አናስጠብቃቸው» ትላለች። አንድ በአንድ ታስነሳቸዋለች፤ አንዱን ወንበር በሌላው ላይ ትቆልላለች። ትያትሩ የሚያልቀው ተመልካቹ ሁሉ ግድግዳ ታክኮ ቆሞ ነው። ማንም አያጨበጭብም፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ይጠፋቸዋል። እታለም፣ ሰው እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ታች ያለው ማሽን እንኳ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

ለባልደረቦቼ ፈቅዳለች ብዬ ዋሸኋቸው። ለራሴ ደግሞ ሌላ ውሸት ነበረኝ። ትያትር አላፊ ነው፤ ሃምሳ ስልሳ ሰው ያየዋል፣ መብራት ይጠፋል፣ አለቀ፤ እሷ ያለችው እሩቅ ነው፣ ስልኳም ቪዲዮ የማያሳይ ባለ ቁልፍ ነው፣ ምን ሊያደርሰው አልኩ። አንድ ነገርም ጨመርኩበት። ባዶውን መተው አልቻልኩም። ሰው እንዲሁ ያለ ምንም ምክንያት አንቺን ያህል ሰው አስቀምጦ ይቀራል ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በመጨረሻው ላይ፣ ወንበሮቹ ተቆልለው ካለቁ በኋላ፣ አንድ ድምፅ ከጀርባ ወሬ ያመጣል፤ ሙሽራው ሲመጣ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሆስፒታል ተኝቷል ይላል። ሙሽራዋ ትሰማለች፤ መብራት ይጠፋል።

በሦስተኛው ሳምንት ሃያ ሁለት ሰው ነበር የመጣው። ለእኛ ጥሩ ነው። ለሊቁ ግን አልበቃውም። ለማስታወሻ ብሎ ከቀረጸው ላይ ወንበር የምትሰበስብበትን ክፍል አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆረጠና፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ «ወንበር ቀማኛዋ ሙሽራ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ሰኞ ጠዋት ለጠፈው፤ ማክሰኞ ማሽን ልጠግን የሄድኩበት ቢሮ ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው እያዩት ሲስቁ አገኘኋቸው። እንባቸው እስኪመጣ ነበር የሚስቁት። አልፈርድባቸውም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰዓት አብሯት የተቀመጠ ሰው ስትመጣበት ያንቀጠቅጠዋል፤ በስልክ ግን ከመጨረሻው ተቆርጦ ሲታይ የምትታየው አንዲት ሙሽራ ሰው እያስነሳች ወንበር ስትነጥቅ ብቻ ነው። ያስቃል። እኔ ራሴ የማሽኑን ክዳን ከፍቼ ጭንቅላቴን ውስጡ ቀብሬ ቆየሁ።

ማታውኑ ሊቁን ይዤ ጮህኩበት። እሱ አልጮኸም። «ባዶ ወንበር ሲያጨበጭብ ሰምተህ ታውቃለህ?» ብቻ አለኝ። በቅዳሜው አዳራሹ ሞላ። ደረጃው ላይ ተሰለፉ። ለመሳቅ ነበር የመጡት፤ ብዙዎቹ እየሳቁ ነው የገቡት። ስንጥር ግን የዋዛ ልጅ አይደለችም፤ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ወደ ሠርገኛነት መለሰቻቸው። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት የተመኘነው ሰው እዚያ ነበር። ደስታዬና ጭንቀቴ አንድ ሆድ ውስጥ ተጣልተው ውለዋል፤ አሁንም አልታረቁም።

ያን ቅዳሜ ነው ያ ሰው የመጣው።

ማን እንደሆነ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። መብራት የማበራው ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው፤ የሰዉ ሁሉ አናት ይታየኛል። በሁለተኛው ክብ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ አንድ ሰፋ ያለ ትከሻ አየሁና ዓይኔ እዚያ ቀረ። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ትንሽ ቦርጭ አውጥቷል። ጆሮው ግን ያው ነው። ስንጥር አታውቀውም፤ እንደማንኛውም እንግዳ አንዴ አጠገቡ ቆማ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ጠየቀችው። «አንደኛ» አላት።

ወንበር የመሰብሰቢያው ሰዓት ደረሰ። አንድ በአንድ አስነሳች። ሰዎች ተነስተው ግድግዳ ይዘው ቆሙ። እሱ ጋ ደረሰች። «ይነሱልኝ» አለችው። አልተነሳም። ደገመችለት። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ተነስተው አለቁ፤ በባዶ ወለል መሃል እሱ ብቻ ተቀምጦ ቀረ። ስንጥር አልቸኮለችም፤ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ተመልካቹ የትያትሩ አካል መስሎታል። በመጨረሻ ተነሳ፤ ወንበሩን ራሱ አንስቶ፣ ተሸክሞ ወስዶ፣ ቁልሉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሄዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከጀርባ የመኪናው መገልበጥ ወሬ መጣ። መብራቱን አጠፋሁ። ሳበራው ሰው መውጣት ጀምሮ ነበር፤ እሱ ግን ቆሞ ጠበቀኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ባገኘው ምን እንደማደርገው በልቤ ስለማመድ ኖሬያለሁ። በቡጢ የምጀምርበት አለ፣ በስድብ የምጀምርበት አለ። ፊት ለፊቱ ስደርስ እጄ የሄደው ወደ ወንበር ነው፤ ሳብ አድርጌ «ተቀመጥ» አልኩት። እማዬ ያሳደገችን አስተዳደግ አንዳንዴ ያናድዳል።

ሚስቱ ናት ቪዲዮውን ያሳየችው። እየሳቀች፣ «ይህቺን ቀማኛ ሙሽራ እያት» ብላ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። አብሯት ሳቀ። በኋላ ግን ያን ቀን አንቺ ወንበር እንደሰበሰብሽ ከሰው የሰማው ትዝ እንዳለው ነገረኝ። የነገረኝን ሁሉ አልጽፍልሽም፤ ዋናውን ግን ቃል በቃል ልጻፈው።

«መኪናው አልተገለበጠም» አለኝ። «ደህና ነበር። መታጠፊያው ጋ ደረስን፤ ድንኳኑ ታየኝ፤ ሾፌሩን አዙረው አልኩት፣ አዞረው።»

ለምን አልኩት።

«ምክንያት ቢኖረኝ ያኔውኑ እልክ ነበር። ምክንያት ያለው ሰው ይናገራል። ፈራሁ፤ ምኑን እንደፈራሁ ዛሬም አላውቀውም። አንተ ግን ምክንያት ሰጠኸኝ። እባክህ አውጣው። እሷ የጠበቀችው ሆስፒታል የተኛ ሰው አይደለም። ቤቱ ተመልሶ ጫማውን ያወለቀ ሰው ነው።»

እታለም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ተነስቼ ተመላልሻለሁ።

ያን ቀን እኔን መታጠፊያው ላይ አቁማችሁኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አዲስ ጫማ የሚጠበኝ። ነጭ መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ሲታጠፍ አየሁና «መጡ!» ብዬ እየጮህኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። እልልታው ቀለጠ፤ ሰው ሁሉ ወጣ፤ አንቺም ተነስተሽ ቆምሽ። መንገዱ ባዶ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አጎታችን ስሜን ትቶ «አቶ መጡ» እያለ ሲጠራኝ ከረመ፤ እየሳቀ ነው፣ ክፋት የለውም፤ ግን በጠራኝ ቁጥር አንቺ በዚያ እልልታ ውስጥ ስትነሺ ይታየኛል። በትያትሩ ውስጥ ወንድም የለም። ስንጥር ሙሽራዋ ወንድም የላትም ወይ ብላ ጠይቃኝ፣ የለም፣ ተዋናይ አይበቃንም ብያት ነበር። ለእሱ ምክንያት ፈጠርኩለት፤ ራሴን ደግሞ ጭራሽ አወጣሁት።

ሰውዬው ሊወጣ ሲል ዞሮ «መታጠፊያው ላይ ቆሞ የነበረው ልጅ አንተ ነህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «መጡ ብለህ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። አልተሳሳትክም። እኛ ነበርን» አለኝ።

ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። መቀለል ነው እንዳልል ክብደትም አለበት። አንቺ የት እንዳለሽ ጠየቀኝ፤ አልነገርኩትም፤ መልሶም አልጠየቀኝም። ይቅርታ በልልኝ አላለኝም። ሊል ሲጀምር ራሱን ገታና፣ ይቅርታ በሰው እጅ አይላክም ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ሊቁ መጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሰምቶን ኖሯል። ዓይኑ በርቶ ነው የወጣው። ይህንን ማን ይጽፈዋል፣ ሰውዬው ራሱ ካሜራ ፊት ቢናገር አገር ነው የሚነቃነቀው፣ በተከታታይ ክፍል እናወጣዋለን፣ የሚገዛን ቻናል አለ አለ። እየተናደድኩም ቢሆን ያየውን ነገር አየሁት፤ ለአንድ አፍታ እኔም «እውነት ነው፣ ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል» ብያለሁ። ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ያነቃኝ ስንጥር ናት። ቀሚሱን እያወለቀች፣ ቀስ ብላ፣ እህትህ ቅዳሜ ለቅዳሜ እንደምንሠራው ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። አታውቅም አልኳት። ቀሚሱን አጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችውና ሰጠችኝ፤ ስድብም አልጨመረችበት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ስለበዛ ለእሁድም አንድ ጨምረን ነበር፤ እሁድ ሰው ደረጃውን ሞልቶ እስከ መንገድ ወጥቷል። ይህን ያህል ሰው በሕይወቴ ለእኔ ተሰልፎ አያውቅም፤ ዳግመኛም የሚሰለፍ አይመስለኝም። ሁሉም ገብተው ሲቀመጡ ሙሽራዋ በምትወጣበት በኩል እኔ ወጣሁ። «ታሪኩ የእህቴ ነው። አላስፈቀድኳትም። ዛሬ አንሠራም» አልኳቸው። ሌላ ያዘጋጀሁት ነበር፣ ጠፋብኝ። አጉረመረሙ። አንዱ ሁለት ሰዓት ተጉዤ ነው የመጣሁት ብሎ ተቆጣ፤ እውነቱን ነው። ስልኮች ወደ ላይ ተነሱ፤ የእኔም መንተባተብ ማታ የሰው መሳቂያ ሆኗል ብለውኛል፣ አላየሁትም። ከዚያ እያጉረመረሙ ወጡ።

አንዲት ሴት ግን አልተነሳችም። የሱቅ ጥበቃ ልብስ የለበሰች፣ በእድሜ አንቺን የምታህል፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ትመስላለች። አጠገቧ ስደርስ «ሴትየዋ አሁን እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ናት» አልኳት።

«በምን አወቅህ?» አለችኝ።

ልታፋጥጠኝ ፈልጋ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው። ስለ አንቺ ያን አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በደቂቃ አውቀዋለሁ፤ ምን እንዳልሽ፣ በየትኛው እጅሽ ወንበሩን እንዳነሳሽ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ስላሉት ስምንት ዓመታት ግን ከትከሻሽና ከሳልሽ በቀር የማውቀው የለኝም። ማንም ሳያይሽ ምን እንደምታደርጊ፣ ክፍልሽ ፀሐይ የሚገባው በየት በኩል እንደሆነ፣ በሥራ ቦታ ማን እንደሚያስቅሽ፣ ሠርግ ሲጠሩሽ ትሄጂ እንደሆን አላውቅም። ሴትየዋ ጥያቄዋን ይዛ ሄደች። እኔ ጋ ግን ቀርቷል፤ አላስቀምጥ ያለኝም እሱ ነው።

ሊቁ ቪዲዮውን አንስቶታል። ስለምነው እዚያው አነሳው፤ ከልቡ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሌሎች ቀድተው በየቦታው በትነውታል፤ እዚያም ከሥራ ጓደኞችሽ አንዷ እጅ ላይ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ሳታውቅ ላንቺው አሳይታሽ ይሆናል። ምናልባት አብረሻት ሳቅሽ። ይህን ሳስብ ነው ብድግ ብዬ መንገድ የምጀምረው። ሊቁ ከእኛ ወጥቶ ለብቻው አጫጭር ቀልድ እየሠራ ነው፤ አንድ ሁለቱን አይቼ ሳልወድ ስቄያለሁ። ስንጥር አለች፤ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ሁለታችን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ምን እንደምንሠራ እንነጋገራለን፤ ታች ማሽኑ ዱብ ዱብ ይላል። ባለቤቱ አዳራሹን ለመጋዘን ሊፈልገው እንደሚችል ፍንጭ ሰጥቶናል።

ድርሰቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሻለሁ። ቅደጂው ካልሽ ቅደጂው፤ ስንጥር በቃሏ ብታውቀውም ላትሠራው ቃል ገብታለች፣ ቃሏ ቃል ነው። ይሠራ ካልሽ ደግሞ ሰውዬው እንዳለው የመኪናውን ነገር አወጣዋለሁ፤ የሙሽራዋንም ወንድም መታጠፊያው ላይ አቆመዋለሁ፤ የተሳሳትኩትን በእስክሪብቶ አርሚልኝ። ዝም ካልሽኝ ዝምታሽን እምቢ ብላለች ብዬ እይዘዋለሁ እንጂ እንደ ድሮው ፈቅዳለች ብዬ አልተረጉመውም። ስለ ትያትሩ ምንም ባትጽፊም ግን ስለ ራስሽ ጻፊልኝ። ረጅም አይሁን፤ ስለ አንድ ተራ ቀንሽ፣ ስለ አንድ ማክሰኞ ብቻ ይሁን።

አብራሽ ለምትኖረው ልብስ ሰፊዋ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ባለፈው በስልክ ከጀርባሽ ስትዘፍን ሰምቻታለሁና ድምፅዋን አትጣል በያት። ለማጠቢያ ክፍሉ አለቃሽም፣ ትከሻሽን አይቶ ቀለል ያለ ሥራ የሚሰጥሽ ከሆነ ሰላም በይልኝ፤ ካልሰጠሽ ይቅርበት። አጎታችን ሰላም ብሎሻል፤ አልተሳሳትኩም እኮ ብዬ ስነግረው ሻይ አቀረበልኝና በስሜ ጠራኝ። ስንጥር አይታሽ ባታውቅም እጅ ነስታለች።

እማዬ ትያትሩን አላየችም፤ ቪዲዮውን ግን የጎረቤት ልጅ አሳይታታለች። አራት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ እንደምጽፍልሽ ስነግራት መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ መቀመጧ ራሱ አስደነገጠኝ። ምን ልጻፍልሽ አልኳት። «ያን ቀን ወንበር ስትሰበስብ ሄጄ ላቅፋት ሲገባኝ አብሬያት ወንበር ሰበሰብኩ፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ በላት» አለችኝ። እንዳለችው ጽፌዋለሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእማዬ ቤት
ሐሙስ፣ ኅዳር ፬ ቀን